ከሻደይ ሜዳ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት፦ የወጣት ወንዶች ጨዋታና የእጮኝነት መንገድ



ዛሬ ስለ ጨዋታ እንነጋገራለን፤ የልጆችን ጨዋታ ማለታችን ግን አይደለም። ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ አንዳንዶቹም በወጣቶች ኅብረት የሚያገለግሉ ወንድሞች ሌሊቱን ሙሉ በስልካቸው፣ ቀኑን ደግሞ በፕሌይስቴሽን ቤት ስለሚያሳልፉበት ጨዋታ ነው። እህቶቻችን ለእጮኝነት ምክር ሲመጡ ይህን ጉዳይ ደጋግመው ያነሱታል። «ይወደኛል፤ ግን አብሮኝ ተቀምጦ እንኳ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው» ይላሉ። «ሽማግሌ መቼ ትልካለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ቆይ፣ ይቺን ጌም ልጨርስ» የሚል ወንድም መኖሩ በመጀመሪያ ያስቃል። ሦስት ዓመት ስትጠብቀው የቆየችው እህት ፊት ሲነገር ግን አያስቅም።

ብዙዎቻችን ይህን ነገር ከሰማይ የወረደ አዲስ መቅሠፍት አድርገን እንናገራለን። ስለዚህም ወይ እንቆጣለን፣ ወይ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ወጣቶች ግን ሁልጊዜ ተጫውተዋል፤ በዋግም፣ በሮምም፣ በቁስጥንጥንያም። ጨዋታ ከትዳር መንገድ ጋር ሲስማማም ሲጋጭም የቆየ ታሪክ አለው። ታሪኩን ካየን የዛሬው ጨዋታ ምኑ አዲስ እንደሆነ፣ ምኑ ደግሞ አሮጌ እንደሆነ ለይተን እናውቃለን። ከሰቆጣ እንጀምር።

ዋግ ሲጫወት

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋዎች ጨዋታ ወቅት አለው። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ወንዶች ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ጉልበታቸውንም በግርፊያ ይፈታተናሉ። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ደግሞ ተራው የልጃገረዶች ነው። በዋግ ሻደይ ይሉታል፤ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ስሙ ልጃገረዶቹ በወገባቸው ከሚያስሩት ለምለም ሣር የመጣ ነው። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ከዚያም በሜዳው ይሰባሰባሉ። በሌላው ጊዜ ከእናቷ ጓዳና ከውኃ መንገድ የማትርቅ ልጅ በእነዚያ ቀናት በሰው ሁሉ ፊት ነጻ ወጥታ ትጫወታለች።

እኛ ወንጌላውያን ከበዓሉ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ጋር ያለን ግንኙነት ከኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ይለያል። ነገር ግን የተወለድንበት ባህል ምን ያደርግ እንደነበር በሐቀኝነት ማየት አለብን። ሻደይ ለወጣቱ ወንድ ዓይን የሚያነሣበት ቀን ነበር። ዳር ቆሞ ያያል። «ያቺ የማን ልጅ ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ለእናቱ ወይም ለአክስቱ ይነግራል፤ ነገሩ ወደ አባት ይደርሳል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። እሷም እሱን ታያለች፤ አቋሙን፣ ጨዋነቱን፣ ከማን ጋር እንደሚቆም ትመለከታለች። ጥር 11 ጥምቀት ሲመጣም ያው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ መታያ ቀን ስለነበረ ነው። የሎሚ ውርወራውም የዚያው ቀን ወግ ነው።

ታኅሣሥ 29 ደግሞ የገና ጨዋታ አለ። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ወንዶቹ በቆልማማ ዱላ ሩሯን እያሳደዱ ሜዳውን ያምሱታል። «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ይባላል፤ ሎሌው ጌታውን ገፍቶ ቢጥለው እንኳ ለዚያች ቀን ይቅር ይባላል ማለት ነው። ትልልቆቹም ይጫወቱ ነበር። ገበጣ በእረኛው ዘንድ በመሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ በጌታው ቤት በተጠረበ እንጨት ይቀርባል። በ1805 እ.ኤ.አ. ከዋግ በስተ ሰሜን ያለችውን እንደርታን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። የእኛ ሰንጠረዥ «ወረራ» በሚባል መክፈቻ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ምክር ይሰጣል፤ ይጮኻል፤ ይስቃል። ስለዚህ አባቶቻችን ጨዋታ አያውቁም ነበር የሚል ሰው ታሪክ አላነበበም።

እነዚህን ጨዋታዎች አንድ ላይ ብናያቸው አራት ነገር ይታየናል። አንደኛ፣ ጊዜ አላቸው፤ ቡሄ ያልፋል፣ ገና ያልፋል፣ ሰውም ወደ እርሻው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ቦታቸው ሜዳ ነው፤ ከቤት ያስወጣሉ። ሦስተኛ፣ ምስክር አላቸው፤ ሽማግሌው፣ እናቱ፣ ጎረቤቱ ያያል። አራተኛ፣ ወደ ሰው ያደርሳሉ፤ በጨዋታው መጨረሻ ወጣቱ ወዳጅ፣ ባላንጣ ወይም እጮኛ ያገኛል። እነዚህን አራቱን አስታውሷቸው፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

በጨዋታና በጨዋታ መካከል ደግሞ ሥራ ነበረ። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዋግሹሞች መቀመጫና የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ጨው ሜዳ የተፈለጠው አሞሌ በጭነት ከብት ወደ ደጋው ወጥቶ እንደ ሸቀጥም እንደ ገንዘብም ይዞር ነበር። ያን መንገድ ሄዶ መመለስ፣ ወይም ያንን ድንጋያማ መሬት አርሶ እህል ማስገባት የወንድን ልጅ ብቃት ይመሰክር ነበር። «ጎጆ መውጣት» የሚለው ቃላችን ራሱ ወንድ ልጅ ከአባቱ ቤት ወጥቶ የራሱን ጣራ ማቆም እንዳለበት ይናገራል።

ያለፈውን ግን አናስውበው

እንዲህ ስንል የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። በሻደይ ሜዳ ዓይን የተጣለባት ልጅ ብዙ ጊዜ ገና ሕፃን ነበረች። ጠለፋ ነበረ። ሳትጠየቅ የተዳረች፣ አካሏ ሳይጠና የወለደች፣ በዚያም ዕድሜዋን ሙሉ የተጎዳች እናት በየመንደሩ ነበረች። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት ግን 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የልጅነት ጋብቻ ዛሬም አልጠፋም። ቢሆንም ሕጉና ትምህርት ቤቱ ተባብረው ለብዙ ሴት ልጆች በር ከፍተዋል።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነገር አለ። የአያቷን ታሪክ ብትጠይቁ «አባቴ ሰጠኝ» ትላለች። የዛሬዋ የሰቆጣ ልጅ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ፣ ምናልባትም ኮሌጅ ጨርሳ፣ «እኔ የምፈልገው ሰው እንዲህ ያለ ነው» ትላለች። የምትፈልገውም የሚያነጋግራት፣ የሚያስብላት፣ ስለ ነገ አብሯት የሚያቅድ ሰው ነው። በድሮው ሥርዓት ወንዱ መናገር ባይችል አባቱ ይናገርለት ነበር፤ ሽማግሌው ቃል ያሳምርለት ነበር። ዛሬ ራሱ መናገር አለበት። ስለዚህ ወንድ ልጅ ከማንኛውም ዘመን ይልቅ የመነጋገርን ጥበብ መማር በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ከማንኛውም ዘመን ይልቅ ዝም የሚያሰኝ ጨዋታ እጁ ላይ ወደቀ። የጉዳያችን ጭንቅ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የስክሪኑ ጨዋታ እንዴት መጣ?

በ1972 እ.ኤ.አ. አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፖንግ» የተሰኘውን የጠረጴዛ ቴኒስ መሰል ጨዋታ ለገበያ አቀረበ፤ ሁለት መስመርና አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረች። በ1978 ከጃፓን «ስፔስ ኢንቬደርስ» ተከተለ። ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው መንግሥታት መጨነቅ ጀመሩ፤ በ1981 የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ በወላጆች አቤቱታ የቪዲዮ ጌም ማሽኖችን በአገሪቱ ከለከሉ። በታኅሣሥ 1994 እ.ኤ.አ. ሶኒ ፕሌይስቴሽንን በጃፓን አወጣ። በ2000 የመጣው ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በነጋዴ ሻንጣ ተጭነው ወደ አገራችን ገቡ።

በኢትዮጵያ ከተሞች ይህ ዕቃ የግለሰብ ሳይሆን የሰፈር ሆነ። ዕቃውን ለብቻው መግዛት የሚችል ወጣት ጥቂት ስለሆነ «ፕሌይስቴሽን ቤት» ተከፈተ፦ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጆይስቲክ። ከፑል ቤቱና ከጆተኒው ጎን ለጎን ቆመ። ፊፋና ፔስ የተባሉት የኳስ ጌሞች ነገሡ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የተሸነፈው ይከፍላል፣ ያሸነፈው ይቀመጣል። ይህች ሕግ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ጎበዙን ከወንበሩ እንዳይነሣ፣ የተሸነፈውን ደግሞ ገንዘቡን ለማስመለስ እንዳይሄድ ታስረዋለች። ሁለቱም እስረኞች ናቸው።

ቀጥሎ ስማርት ስልክ መጣ። በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. እንደ ፍሪ ፋየርና ፓብጂ ሞባይል ያሉ የተኩስ ጌሞች ወጡ፤ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ኪስ ውስጥ ገባ። የእኛም ልጆች ጌም መሥራት ጀምረዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተሰኘ የስልክ ጌም ሠርቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሙያ ነውና ወጣቶቻችን ቢማሩት ደስ ይለናል። ከኳስ ጌሙ ጎን ግን የስፖርት ውርርድ ቤትም ተከፈተ። በጆይስቲክ የጀመረው ልጅ በቲኬት ሲጨርስ አይተናል።

አሁን ወደ አራቱ ነገሮች እንመለስ። አዲሱ ጨዋታ ጊዜ የለውም፤ ነሐሴም፣ ታኅሣሥም፣ ሌሊትም ለእርሱ አንድ ነው። ሜዳ የለውም፤ ወደ ክፍል ያስገባል እንጂ ወደ ውጭ አያወጣም። ምስክር የለውም፤ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚጫወተውን ማን ያየዋል? ፍጻሜም የለውም፤ አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ሌላው ይከፈታል። የሻደይ ሜዳ ወጣቱን ወደ ልጅቱ ያደርሰው ነበር፤ ይኼኛው ግን ልጅቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለች ከእርሷ ያርቀዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ

መጽሐፍ ቅዱስ የጨዋታ ጠላት አይደለም። ነቢዩ ዘካርያስ የኢየሩሳሌምን ተሃድሶ ሲያሳየን አደባባዮቿ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተሞልተው ነው (ዘካ. 8፥5)። ከምርኮ ለተመለሰ ሕዝብ የጨዋታ ድምፅ የሰላም ምልክት ነው። ጦርነትና መፈናቀል ያየች ዋግም ይህን ትረዳለች።

ሆኖም ጨዋታ ትዳርን ያፈረሰበት ታሪክም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሶምሶን በተምና ሠርጉ ላይ ለሠላሳ ሚዜዎች እንቆቅልሽ አቀረበ፤ ውርርዱም ሠላሳ የበፍታ ልብስና ሠላሳ ክት ልብስ ነበር (መሳ. 14)። ሰባቱን የግብዣ ቀናት ሙሽራይቱ ስታለቅስ ዋለች፤ ሚዜዎቹ ምሥጢሩን ካላወጣሽ እናቃጥልሻለን ብለዋታልና። ሶምሶን ተሸነፈ፤ ዕዳውን ለመክፈል ወደ አስቀሎና ወርዶ ሠላሳ ሰው ገደለ፤ ተቆጥቶ ወደ አባቱ ቤት ሄደ። ሚስቱም ለሚዜው ተሰጠች። በመጨረሻም እርሷና አባቷ በእሳት ተቃጠሉ (መሳ. 15)። ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ስለ ኃይል እንሰብክበታለን። አንድ ጊዜ ደግሞ በሠርጉ ሳምንት ከሙሽራዋ እንባ ይልቅ ማሸነፍ ስለበለጠበት ወንድ እናንብበው። በጨዋታው መካከል የምታለቅስ ሴት ነበረች፤ እርሱ የሰማው ግን የባላንጦቹን መልስ ነበር።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ፈተና ታውቀዋለች። በ399 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ዮሐንስ አፈወርቅ እጅግ አዝኖ ሰብኳል፤ ምእመናኑ ጌታ የተሰቀለበትን ዓርብ ትተው ወደ ፈረስ ግልቢያ ውድድር፣ በማግስቱም ወደ ቲያትር ሮጠው ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው አውግስጢኖስ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የጻፈው ነው። አሊጲዮስ ከሰሜን አፍሪካ የሆነ፣ በጎ ጠባይ ያለው ተማሪ ነበር። በካርታጎ ሳለ የሠረገላ ውድድር ሱስ ያዘው። አንድ ቀን አውግስጢኖስ ሲያስተምር ስለዚያ ሱስ የሰነዘረው ቃል ነካውና ተወው። ኋላ ሕግ ሊማር ሮም ሄደ። በዚያ ጓደኞቹ ሰዎች በሰይፍ እርስ በርስ ወደሚገዳደሉበት ስታዲየም በግድ ወሰዱት። አካሌን ብትወስዱ ልቤን አትወስዱም አላቸው፤ ዓይኑንም ጨፍኖ ተቀመጠ። ድንገት ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ ጆሮው ሰማ። ዓይኑን ከፈተ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከጮኹት አንዱ ሆነ፤ ሌሎችንም ይዞ የሚመለስ ሆነ። አውግስጢኖስ ምክንያቱን ሲናገር፣ በእግዚአብሔር መታመን ሲገባው በራሱ ታምኖ ነበር ይላል።

ታሪኩ ግን በዚያ አላለቀም። አሊጲዮስ ነጻ ወጣ፤ በ387 እ.ኤ.አ. በፋሲካ ከአውግስጢኖስ ጋር በሚላን በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ፤ ቆይቶም በትውልድ ከተማው በታጋስት ጳጳስ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ በፕሌይስቴሽን ቤት የተቀመጠውን ወንድም ማንም ተስፋ አይቁረጥበት። በጨዋታ የተያዘ ልብ እረኛ ሊሆን እንደሚችል የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይመሰክራል።

ክልከላ ብቻውን አላዳነም

ዘመናዊ መንግሥታትም ሞክረዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ ሕግ አወጣች፤ አሥር ዓመት ቆይታ ልታነሣው ወሰነች። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች ያሉት ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓላት ቀን አንዳንድ ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ወሰነች።

እኛም ሳንፈልግ አንድ ፈተና አልፎብናል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። የኦንላይን ጌም ቆመ። ይህ ግን ወጣቱን ሁሉ ወደ መጽሐፍ፣ ወደ ጸሎት ወይም ወደ እጮኛው መለሰው? አንዳንዱን መለሰ። ብዙው ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጌም ጫነ፣ ወይም ወደ ፑል ቤት ሄደ። ጌታችን ባዶ ሆኖ ተጠርጎ ስለተገኘው ቤት የተናገረው ይህንን ነው (ማቴ. 12፥43–45)። የወጣውን የሚተካ ካልገባ የኋለኛው ከፊተኛው ይብሳል።

ታዲያ ባዶ ያደረገው ምንድን ነው? በአሜሪካ ማርክ አጊያርና ባልደረቦቹ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ21 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወንዶች የሥራ ሰዓት መቀነሱንና ትርፍ ጊዜያቸው በአብዛኛው ወደ ጌም መሄዱን አሳይተዋል፤ የጌሙ ጥራት መሻሻሉም ከሥራ ለመራቃቸው አንድ ምክንያት ነው ይላሉ። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ሥራ ይጠፋል፤ ትምህርት በጦርነት ይቋረጣል፤ ከዚያ ጌሙ ባዶውን ይሞላል። ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ፣ የቤት ኪራይ የማይከፍል፣ ለሠርግ ሊያወጣ የሚችለው የሌለው ወጣት በሕይወቱ ደረጃ አልወጣም። በጌሙ ግን ይወጣል። እዚያ ያሸንፋል፤ ስሙ ይጠራል፤ ቢሸነፍ እንኳ እንደገና ይጀምራል። ልጅቱን «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅና «አይሆንም» ብትለው ግን እንደገና የሚጀመርበት ቁልፍ የለም። ስለዚህ የጌም ሱስ ከስንፍና ይልቅ ብዙ ጊዜ የፍርሃት ልጅ ነው። ይህን ሳንረዳ «ሰነፍ!» ብለን ብንጮኽበት ወደ ስልኩ ይበልጥ እንገፋዋለን።

ያዕቆብና ሰባቱ ዓመት

የእግዚአብሔር ቃል እንዲህ ያለውን ወጣት ያውቀዋል። ያዕቆብ ወደ ካራን ሲደርስ ምንም የሌለው ስደተኛ ነበር፤ ከወንድሙ ሸሽቷል፣ ጥሎሽ የለውም፣ ሽማግሌ የሚልክለት አባት አጠገቡ የለም። ራሔልን በጉድጓዱ አጠገብ ባየ ጊዜ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ድንጋዩን አንከባልሎ በጎቿን ማጠጣት ነው (ዘፍ. 29፥10)። የነበረው ጉልበት ብቻ ነበር፤ ያለውን ሰጠ። ከዚያም ሰባት ዓመት አገለገለ፤ ስለሚወዳትም ያ ሁሉ ዓመት እንደ ጥቂት ቀን ሆነለት (29፥20)።

ጊዜን የሚያሳጥሩ ሁለት ነገሮች አሉ ማለት ነው። ጌም ጊዜን ያሳጥራል፤ አንድ ሰዓት ያልነው ሌሊት ሆኖ ይገኛል። ፍቅርም ጊዜን ያሳጥራል። ልዩነቱ በፍጻሜው ነው። ያዕቆብ ሰባቱን ዓመት ሲጨርስ በላባ ተታልሎ እንኳ የሚያወጣው መንጋ፣ የሚያውቀው ሥራ፣ የሚጠብቀው ቤት ነበረው። ጌሙን ሰባት ዓመት የተጫወተ ሰው ግን ስልኩ ሲሰበር ምን ይቀረዋል?

ጠቢቡ በምሳሌ 24፥27 መጀመሪያ ሥራህን በሜዳ አሰናዳ፣ ከዚያ ቤትህን ሥራ ይላል። የሰቆጣ አባቶችም ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ይስሐቅም ወደ ማታ በሜዳ ሲመላለስ ዓይኑን አንሥቶ ነው ርብቃ በግመል ስትመጣ ያየው (ዘፍ. 24፥63)። ዓይኑን ያላነሣ አያይም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ የተጫወተን ሁሉ ሱሰኛ አንበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጌም ሱስን ሲያካትት ሦስት ምልክት አስቀምጧል፦ መጫወቱን መቆጣጠር አለመቻል፤ ጌሙ ከሌላው ሕይወት ሁሉ መቅደሙ፤ ጉዳት እየደረሰ እንኳ መቀጠል። ይህም በአብዛኛው ለ12 ወራት የታየ፣ ሕይወትንም በእጅጉ የጎዳ መሆን አለበት። ወንድማችን ሆይ፣ እነዚህን ሦስቱን በእግዚአብሔር ፊት ለራስህ ጠይቅ። ጳውሎስ ሁሉ ተፈቅዶልኛል፤ ግን ለምንም ነገር ባሪያ አልሆንም ባለበት መንፈስ ጠይቅ (1ቆሮ. 6፥12)። ምልክቶቹ ካሉብህ እንደ አሊጲዮስ ዓይን ጨፍኖ ብቻህን ለመታገል አትሞክር። ለአንድ ታማኝ ወንድም ንገር። ስልክህን ማታ ከክፍልህ አውጣ። የጸናብህ ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት የእምነት ማነስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለጨዋታህ አራቱን ነገሮች መልስለት፦ ጊዜ፣ ቦታ፣ ምስክርና ፍጻሜ። ቅዳሜ ከሰዓት ከወንድሞች ጋር ተጫውቶ በሰዓቱ የሚነሣ ሰው የተያዘ ሰው አይደለም።

ለእህቶቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። «ካገባ ይተወዋል» በሚል ተስፋ ኪዳን አትግቡ። ጋብቻ ሱስ አያድንም፤ ሱሱን ወደ ሁለት ሰው ቤት ያስገባዋል እንጂ። ሲጨነቅ ወዴት እንደሚሸሽ ተመልከቱ፤ ወደ ጸሎት፣ ወደ ሰው ወይስ ወደ ስክሪን? መታገል የጀመረውን አታሳፍሩት፤ መታገል ያልጀመረውን ግን ዓመታት አትጠብቁት። በሻደይ ሜዳ አያቶቻችሁ የመመረጥ እንጂ የመምረጥ ዕድል አልነበራቸውም። እናንተ አላችሁ፤ በጥበብ ተጠቀሙበት።

ለወላጆችና ለቤተ ክርስቲያን፦ ወጣቱን ከፕሌይስቴሽን ቤት ለማውጣት ወዴት እንደሚወጣ እናዘጋጅ። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ወጣቶች በየቤቱ ተሰውረው ሌሊት ይጸልዩ ነበር፤ ሌሊቱን ያቆማቸው ክልከላ አይደለም፣ የሚበልጥ ነገር ማግኘታቸው ነው። ዛሬም አንድ ሽማግሌ ለአንድ ወጣት ሙያ ቢያስተምር፣ አንዲት እናት ሁለቱን እጮኛሞች ቤቷ ጋብዛ ቡና አፍልታ ብታነጋግራቸው፣ ወጪ የማይበዛበት ሠርግ በጉባኤያችን ክብር ቢያገኝ ብዙ ድንጋይ ይንከባለላል። ወጣቱ ትዳርን የፈራው ጌሙን ስለወደደ ብቻ አይደለም፤ ሠርጉን እኛ ስላስወደድነውም ነው።

ጳውሎስ ሰው በሆነ ጊዜ የልጅነትን ጠባይ እንደሻረ ይናገራል (1ቆሮ. 13፥11)። ይህን የተናገረው ስለ ፍቅር በጻፈው ምዕራፍ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። ሰውን ሙሉ ሰው የሚያደርገው ፍቅር ነው፤ የመጀመሪያውም ፍቅር እርሱ ራሱ ፈልጎን፣ ዋጋችንንም ከፍሎ ሙሽራው ያደረገን የክርስቶስ ፍቅር ነው። እርሱ ዓይኑን ከእኛ ላይ አላነሣም።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በዋግና በመላው አገራችን ያሉትን ወጣት ወንዶች አስብ። ፍርሃታቸውን ውሰድ፤ ሥራ ስጣቸው፤ ዓይናቸውን አንሣ። የሚጠብቁ እህቶቻችንን አጽናና፤ ማስተዋልንም ስጣቸው። ለእኛም ከመቆጣት ይልቅ ድንጋይ የሚያንከባልል እጅ ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።